የአማቴ ዓይንና የእኔ ቴሌቪዥን

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ካርቶን ይዞ መንገድ የወጣ ሰው «ደህና ነህ ወይ» አይባልም። የሚባለው «ስንት ኢንች ነው?» ነው። እኔ ከመገናኛ እስከ አያት ይህን ጥያቄ ስመልስ ዋልኩ። ለታክሲ ረዳት መለስኩ፣ ለቆሎ ሻጭ መለስኩ፣ መንገድ ላይ ላገኘኋቸው ቄስ መስቀላቸውን እየተሳለምኩ መለስኩ። ኮተቤ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ አስቆመኝና ሊቀጣኝ ነው ስል እሱም ስንት ኢንች እንደሆነ ጠይቆ «እንኳን ደስ ያለህ፤ እለፍ» አለኝ። አርባ ሦስት ኢንች ነው። እናንተም መጠየቃችሁ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው አስቀድሜ የነገርኳችሁ።

ካርቶኑ የተጫነው ብስክሌት ላይ ነው። ቴሌቪዥን እንዴት ብስክሌት ላይ እንደወጣ ለመረዳት ግን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከአማቴ ዓይን መጀመር አለብን።

አማቴ ጋሽ በዛብህ፣ የሚስቴ የትዕግስት አባት፣ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ብስክሌት ነጂ ነበሩ። ነጂ ስል እንደ እኔ ዳቦ ለመግዛት የሚወጣ ማለቴ አይደለም፤ የለየላቸው ተወዳዳሪ ነበሩ። ዛሬም በእግራቸው ሲሄዱ ቁልቁለት ካጋጠማቸው ሳያስቡት ጎንበስ ይላሉ። ታዲያ ከብዙ ዓመት ወዲህ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ዓለም ደበዘዘችባቸው። ትዕግስት እንዲታከሙ ለምና አልሆን አላት፣ አልቅሳ አልሆን አላት፣ በመጨረሻ አኩርፋ እኛ ቤት አመጣቻቸውና ቀኝ ዓይናቸው ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሐኪሙ ግራውን ቶሎ ማስከተል እንዳለባቸው፣ ከዘገየ ግን ሥራው እንደሚከብድ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ «መጀመሪያ የዚችን ሙያ ልየው» አሉ። ቀኟ ካላስተማመነች ግራዋን ለቢላ አይሰጡም ማለት ነው።

መፈተኛውንም ራሳቸው መረጡ። ፈረንጆቹ በየዓመቱ ለሳምንታት ተራራ ለተራራ የሚያደርጉትን የብስክሌት ውድድር በቴሌቪዥን ሊያዩ ወሰኑ። የእኛ ቴሌቪዥን ከኋላው ሆድ ያለው፣ ሲሞቅ ሰውን ሁሉ አረንጓዴ የሚያደርግ አሮጌ ነበር። በአረንጓዴ ሰው ዓይን አይፈተንም። ስለዚህ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን የመግዛቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ፤ በዚያው የአማቴ ግራ ዓይን ጭምር።

ሻጩ መገናኛ አንድ ሕንጻ ሥር የሚሠራ፣ ቴሌቪዥን ሲያወራ ልጁን የሚድር የሚመስል ሰው ነው። «ወንድሜ፣ አስተኝተህ እንዳትጭነው፣ ይሞትብሃል» አለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፊቱ ላይ ያለውን ላስቲክ ደግሞ እንዳትነካው። ነገ ልሽጠው ብትል አዲስ ነው» አለ። ገና ቤቴ ሳላስገባው መሸጫውን አሰበልኝ። በእኛ ከተማ ዕቃ የሚገዛው እንደሚሸጥ ታስቦ ስለሆነ አልገረመኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ስልካችን ላይ ከፍለን የምናስለጥፈውን መከላከያ ፋብሪካው በነፃ ለጥፎልኛል ብዬ አመሰገንኩ።

የጠራሁት መኪና መጣና ሹፌሩ ካርቶኑን በቁሙ ቢሞክረው አልገባ አለ። «እናስተኛው» አለኝ። «ይሞታል» አልኩት። «ቴሌቪዥን እኮ ነው፣ በግ አይደለም» ብሎኝ ሄደ። የቀረኝ የመጣሁባት ብስክሌት ብቻ ነበረች።

ስለዚች ብስክሌት ትንሽ ላውራ። የገዛኋት ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ሰው ቤት መግባት ሲጀምር ነው። እውነቱን ለመናገር ከመንዳት ይልቅ መንከባከብ ይቀለኛል፤ ትንፋሽ አይጠይቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ገልብጬ አጥባታለሁ፣ እወለውላታለሁ፣ ዘይት አጠጣታለሁ። የሚያልፈው ሰው «ስፖርተኛው» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ካርቶኑን ከሻጩ ጋር ከኋላዋ በቁሙ በገመድ ጠፍረን አሰርነውና እኔ መሪዋን ይዤ በእግሬ እየገፋሁ መንገድ ጀመርኩ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ካርቶኑ እንደ ሸራ ይነፋና ብስክሌቷ ወደ አስፋልቱ መሃል ትጎትተኛለች። አያት የደረስኩት ግማሹን መንገድ ተጎትቼ፣ ግማሹን ኢንች ተናግሬ ነው።

ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ሰይድ መጣ። ሰይድ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ዘይት ሲጠፋ ደብቆ የሚያስቀምጥልን፣ ወንድም የሆነ ሰው። ትዕግስት ለስላሳ ቀዳች፣ አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ሪሞቱን ከነፌስታሉ ይዤ ከፈትኩ።

ሥዕሉ መጣ። ደብዛዛ ነበር። ዜና አንባቢዋ ከእንፋሎት ውስጥ የወጣች ትመስላለች። ግን አፌን ሳልከፍት ሰይድ «ማሻ አላህ፣ ጥራት ማለት ይሄ ነው» አለ። ሰው ቤት ሄዶ፣ ለስላሳ እየጠጣ፣ አዲስ ዕቃ የሚያጣጥል ጎረቤት በአገራችን ገና አልተወለደም። ትዕግስት «በጣም ያምራል» አለች፤ እናቴ የሠራችላትን ሹራብ ባመሰገነችበት ድምፅ። ይህን ሁሉ ምስጋና ሰምቼ እኔ ደብዛዛ ነው ልል ነው? «ፎር ኬ ነው እኮ፣ የጥራት መጨረሻ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁላችንም ዞረን አማቴን አየን።

«ጥሩ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

በማግስቱ ከሰዓት ውድድሩ ነበር። አማቴ ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ጥቂት እንደተመለከቱ «ዛሬ እዚያ አገር ጉም ነው መሰለኝ» አሉ። እዚህ ላይ «አዎ፣ ጉም ነው» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። እኔ ግን በአማቴ ፊት ቴሌቪዥን መምረጥ የማይችል ሰው መባል አልፈለግሁም። «የምን ጉም አባባ፣ ፀሐይ ነው። የነጂዎቹ ላብ ሳይቀር ይታያል» አልኩ። ላብ ይቅርና እኔ ብስክሌቱን ከተራራው መለየት አቅቶኝ ነበር። ትዕግስትም እኔን እንዳታሳፍር ብላ «አዎ አባባ፣ ላባቸው» አለች።

«እህ» አሉ አማቴ። ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። እንደገና ሳቡ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሞከሩ። እንዲህ ሲታገሉ የዕለቱ ውድድር አለቀ። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና «ትዕግስት ልጄ፣ ግራዋ ትቅር። ይቺ አልያዘችልኝም» አሏት።

ትዕግስት ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ሰውየው ከሽንፈት ሁሉ ሽንፈታቸው ይሄ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ ማየት አልቻልኩም። ታዲያ ለምን እውነቱን አትናገርም ትሉኛላችሁ። እሱማ አስቤ ነበር። ግን ጥፋቱ የዲሹ ከሆነ ብዬ አስቀድሜ የዲሽ ሠራተኛ ጠራሁና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ስሙን የማናውቀው አገር ቋንቋ ሁሉ ቤታችን ገባ፤ ብዥታው ግን ንቅንቅ አላለም። እሱም ሲወርድ «ጋሼ፣ ጥራቱ አንደኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ይሄኔ ነው ሌላ ፍርሃት የያዘኝ። ሰይድ ጥራት ካለ፣ ሚስቴ ያምራል ካለች፣ ባለሙያው አንደኛ ነው ካለ፣ የታመመው የእኔ ዓይን ቢሆንስ? ሞራ በጋብቻ ይተላለፋል እንዴ? ከዚያን ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ የሻምፑ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ከሩቅ ማንበብ ሥራዬ ሆነ።

አማቴ ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ ልብሳቸውን ሸከፉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን እንጦጦ ራጉኤልን ልሳለም አሉ። ጨምረውም ወደ እኔ ዞሩና «ብስክሌትህንም ያዝ» አሉኝ። «የቴሌቪዥኑ አልሆነልኝም። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ሰው የእንጦጦን ቁልቁለት በብስክሌት ሲወርድ ልይና ይብቃኝ።»

ይህን የሰማ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? «እሺ አባባ» አልኩ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። እኔ ቁልቁለት ወርጄ አላውቅም። ብስክሌቴም ከአያትና ከመገናኛ ሜዳ ወጥታ አታውቅም።

መንዳቱን ባልችል በንጽሕናው ልካስ ብዬ በዋዜማው ከሰዓት በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን እንክብካቤ አደረግሁላት። ሰንሰለቷን በቤንዚን አጠብኩ፣ ኮርቻዋን በቅባት አሸሁ። ሳዞራት ፍሬኗ «ሲጥ» ይላል። ይህ የሲጥታ ድምፅ ተወዳዳሪ በነበረ ሰው ፊት እንደማያስከብረኝ ገባኝ። የሚጮህ በር በዘይት ጸጥ ይላል አይደል? የፍሬኑን ጎማ ዘይት አጠጣሁት። ፍሬኑ የሚጨብጠውን ብረት፣ ቸርኬውንም፣ ዙሪያውን በዘይት ወለወልኩት። እውነትም ጸጥ አለ። እንዲያውም ያን ቀን የረካሁትን ያህል በሥራዬ ረክቼ አላውቅም።

ጠዋት ሰይድ የሱቁን ዕቃ በሚያመላልስበት ፒካፕ ብስክሌቷን ጭነን ወጣን። አማቴ የራጉኤልን ደጅ ተሳልመው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደታች የሚታይበት አፋፍ ላይ ትዕግስት ክንዳቸውን ይዛ አቆመቻቸው። ሰይድ አጠገባቸው ሆነ። አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «በል እስቲ ውረድ ልጄ» አሉኝ። «ጎንበስ ማለቱን እንዳትረሳ።»

ኮፍያዬን አጥብቄ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር፤ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ነፋሱ፣ እንዲያውም ለካ ስፖርተኛ ነኝ ብዬ ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ልክ እንደ ጎረቤቶቼ ሆነ፤ እሺ አለኝ፣ ምንም አላደረገም። ሁለቱን በአንድ ላይ ጨበጥኩ። እንደገና በጸጥታ እሺ አሉኝ። ያን ጊዜ የዘይቱ ነገር ትዝ አለኝና የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ በስማቸው መጥራት ጀመርኩ።

ልምምድ የሚሠሩ አትሌቶች ከፊቴ ነበሩ። አለፍኳቸው። ሰዓት ይዞ የቆመው አሰልጣኛቸው «ትከሻህን ልቀቅ» ብሎ መከረኝ፤ ተማሪው መስዬው ይሆናል። ኮፍያዬ በረረ። ለማቆም ብዬ እግሬን መሬት ላይ ሳሳርፍ ጫማዬ ተሰናበተኝ። ቅጠል የጫኑ ሁለት አህዮች ጎን ለጎን ይመጣሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በመካከላቸው አልፌአለሁ፤ እንዴት እንደሆነ አህዮቹ ይወቁት። መታጠፊያው ጋ ግን መንገዱ ሲታጠፍ እኔ አልታጠፍኩም፤ ሰው ለመሸጥ የከመረው የባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ በአፍጢሜ ገባሁ። ብስክሌቷ ያለ እኔ ጥቂት ሄዳ አንድ አጥር ተደግፋ በክብር ቆመች።

ጉልበቴ ተልጧል፣ ሱሪዬ ከኋላ ተቀዷል፣ ሌላው ደህና ነው። ፒካፑ እየከነፈ እስኪደርስ ድረስ ቅጠሉ ላይ ተቀምጬ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ሆን ብዬ ነው፣ ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚወረደው ልል ነበር።

ትዕግስት «ተረፍክ? የት ነው የመታህ?» እያለች ሮጠች። ከኋላዋ አማቴ ወረዱ። ቁመው አዩኝና «ኮፍያህ ከተቆረጠው ግንድ በስተግራ ወድቋል» አሉ። «የወለቀው የግራ ጫማህ ነው። ያ አሰልጣኝ በቀኙ ሰዓት እንደያዘ በግራው ነው ያማተበልህ። በግራ እጅ ሲማተብ አይቼ ስለማላውቅ ገረመኝ። በቀኝህ የነበረችው አህያ ደግሞ ጆሮ ቆራጣ ናት።»

ሁላችንም አህያዋን ለማየት ዞርን። ሽቅብ እየወጣች ነው። ጆሮዋ ቆራጣ ነው።

«አባባ፣ ይሄን ሁሉ ከዚያ ላይ ሆነህ ነው ያየኸው?» አለች ትዕግስት። «እኔ እኮ አቧራ ብቻ ነው ያየሁት።»

አማቴ አልመለሱም። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቅጠሉን አዩ፣ ዛፎቹን እስከ ጫፋቸው አዩ፣ ከታች የተዘረጋውን ከተማ ብዙ አዩ። «አያለሁ» አሉ። እኔ ቅጠሉ ውስጥ እንደተቀመጥኩ እንባዬ መጣ። ትዕግስት ስታየኝ ጉልበቴ ነው አልኳት፤ ጉልበቴ አልነበረም።

ከዚያ አማቴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ታዲያ ቤታችሁ ስገባ ምን ይይዘኛል?»

ሰይድ የፒካፑን ጎማ እያየ «ጋሼ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም ያን ቀን የታየኝ ነገር የለም። ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ምን ይባላል?» አለ።

«እኔም አይታየኝም» አለች ትዕግስት። «ከእርሱ ወርሼ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ።»

«እኔም» አልኩ። ለካ ቤቱን ሙሉ፣ ጎረቤት ሳይቀር፣ በይሉኝታ ታውረን ተቀምጠናል።

አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ታዲያ ያን ዕለት የታየህ የማን ላብ ነው?»

እኔ ብስክሌቴን ከአጥሩ ላነሳ ተነሥቼ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ውድድሩ እየተላለፈ ነበር፤ እንደተለመደው በጉም። አማቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ቀጥ ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። ከጎን አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጠርዙ ላይ በጥፍራቸው ፈለግ ፈለግ አደረጉ።

«አባባ፣ እሱ እኮ መከላከያው ነው» አልኩ።

«ሞራ ያለበት እሱ ነው» አሉኝና ገፈፉት። ላስቲኩ ተንጣጥቶ ተንጣጥቶ ወለሉ ላይ ተኮማተረ። በቴሌቪዥኑ ላይ ፀሐይ ወጣ። ተራራው ተራራ ሆነ፣ ሰው ሰው ሆነ፣ ከፊት ያለው ነጂ አገጭ ላይ ላብ ተንጠልጥሎ ታየ። ሰይድ «ማሻ አላህ» አለ፤ አሁን የምሩን ነው። አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ውድድሩን እየተቆጡም እየሳቁም እስከ ፍጻሜው አዩ። ሲያልቅ ሻንጣቸውን ወደ መኝታ ክፍል መልሰው «ሐኪሙን ጥሪልኝ፤ ግራዋም ትግባ» አሏት ትዕግስትን።

ግራዋም ተሠራች። ፋሻው የተነሣ ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ አማቴ ሳሎን ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው፤ እሳቸው ግን ወደዚያ አላዩም። ፊት ለፊታቸው የተቀመጥኩትን እኔን ነበር የሚያዩት። ሳስበው ሰውየው አማቼ ነው እያሉ ይህን ሁሉ ዓመት ያዩኝ በሞራ ውስጥ ነው። ፀጉሬን አዩ፤ የቀረውን ማለቴ ነው። ሆዴን አዩ፣ እዚያ ትንሽ ቆዩ። እስከ እግሬ ወርደው እንደገና ወጡ። ምርቃት እየመጣ መሰለኝና ጎንበስ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ትዕግስት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ።

«አቤት አባባ።»

«ይሄን ዓይን መታከም የነበረብኝ ከሠርጉ በፊት ነው።»